የሽጉጥ ማኅደር ሰው መሐል ቢላቀቅስ?

“ሽጉጥ” የሚለው ቃል ሸጎጠ ከሚለው ግስ የመጣ ነው። የሚሸጎጥ፣ ከዐይን የሚሰወር መሣሪያ ማለት ነው። ችግሩ፣ አንዳንድ ቀን አልሸጎጥ ይላል። እኔም ይህን የተማርኩት ከጀርመን አደባባይ ወደ ጀሞ በሚሄድ ሚኒባስ ታክሲ ውስጥ ነው።

ከጥቂት ዓመታት በፊት በአንድ የንግድ ድርጅት ውስጥ፣ ሲቪል ለብሼ ገንዘብ የማጅብ የጥበቃ ሠራተኛ ነበርኩ። ሽጉጡ ፈቃድ ያለው የድርጅቱ ንብረት ነው። የዚያን ዕለት ገንዘቡን ባንክ አስገብተን ስንመለስ መኪናችን ተበላሸችና ከገንዘብ ያዡ ጋር ታክሲ ተሳፈርን። ረዳቱ “ጠጋ ጠጋ በሉልኝ” ሲል ከመቀመጫዬ ብድግ አልኩ። ወገቤ ላይ “ቀጭ” የሚል ድምፅ ተሰማኝ። ማኅደሩን ከቀበቶዬ ጋር የሚያያዘው ክሊፕ ተሰብሯል። ሽጉጡ ከነማኅደሩ በሱሪዬ ውስጥ ወደ ታፋዬ መውረድ ጀመረ።

በስተቀኜ ዘንቢል የያዙ እናት፣ ከፊቴ ደግሞ ልጇን ያቀፈች ሴት ተቀምጠዋል። ያኔ ያደረግሁት ነገር ዛሬም ያሳፍረኛል። እጄን ከጃኬቴ ሥር አስገብቼ እጀታውን አፈፍ አደረግሁት። ጣቴ ምላጩ አጠገብ ደረሰ። እናትየው አዩኝና “ልጄ፣ አመመህ እንዴ?” አሉኝ። “አዎ እማማ፣ ጎኔን ወጋኝ” አልኳቸው። ድምፃቸው አባነነኝ መሰለኝ፣ እጄን ባዶውን አወጣሁ። ከዚያ በጃኬቱ ላይ በክንዴ ጫን አድርጌ ይዤ “ወራጅ አለ!” አልኩ።

መካኒሳ ላይ ወርደን አንድ ደንበኛችን ሱቅ ጓዳ ገባሁ። በሩን ዘግቼ ቀበቶዬን ፈታሁና ሽጉጡን ከነማኅደሩ አወጣሁት። ሳየው ላብ አሰመጠኝ። በላብና በእርጅና የለሰለሰው የማኅደሩ አፍ ወደ ውስጥ ታጥፎ ምላጩ አጠገብ ተወትፏል። ሽጉጡ ደግሞ ጥይት ጎርሷል። ታክሲው ውስጥ ወደ ታች ገፍቼ ላስተካክለው ብሞክር ኖሮ፣ የታጠፈው ቆዳ ምላጩን ሊስብልኝ ይችል ነበር።

የሚያስተኩሰው መደናገጡ ነው

ውድ አንባቢያን፣ ማኅደር ሲበላሽ ሽጉጡ በራሱ የሚተኩስበት አጋጣሚ ጥቂት ነው። ብዙውን ጊዜ የሚያስተኩሰው ሰው እንዳያይ ብሎ የሚቸኩል እጅ ነው። እ.ኤ.አ. በ2008 ታዋቂው የአሜሪካን ፉትቦል ተጫዋች ፕላክሲኮ በረስ፣ ኒውዮርክ በሚገኝ የምሽት ክበብ ውስጥ ያለ ማኅደር ወገቡ ላይ የሻጠው ሽጉጥ ተንሸራቶ የገዛ ታፋውን መታው። ለኒውዮርክ የሚሆን ፈቃድም ስላልነበረው በተከታዩ ዓመት ሁለት ዓመት ተፈረደበት። እ.ኤ.አ. በ2018 ደግሞ ዴንቨር ከተማ ውስጥ በእረፍቱ ሲጨፍር የነበረ የኤፍቢአይ ባልደረባ ወደ ኋላ ሲገለበጥ ሽጉጡ ወደቀ። ሲወድቅ አልተኮሰም። የተኮሰው ሰውየው ተሻምቶ ሲያነሳው ነው። ጥይቱ አንድ ተመልካች እግሩ ላይ አቆሰለ። ሠልጣኝ የመንግሥት ሠራተኛ እንዲህ ከሆነ የእኛስ?

ታዲያ ምን ይደረግ?

በመጀመሪያ፣ ሽጉጡን ሳይሆን ልብሱን ይያዙ። በክንድዎ ወይም በክርንዎ ከጃኬቱ በላይ ጫን ያድርጉት። ሰው ሲያይዎት ሆዱን ወይም ጎኑን ያመመው ይመስላል እንጂ የታጠቀ አይመስልም። እጅዎ ግን ከልብሱ ሥር አይግባ።

ሁለተኛ፣ ቀስ ብለው ከሰው መሐል ይውጡ። የሚዘጋ በር ያለው ክፍል ወይም ሰው የሌለበት መኪና ይፈልጉ። መጸዳጃ ቤት ከገቡ ሽጉጡን አንድም ቦታ አያስቀምጡ፤ ረስቶ መውጣት አለና።

ሦስተኛ፣ ሽጉጡንና ማኅደሩን እንደ አንድ ዕቃ ቆጥረው አብረው ያውጧቸው። አፈሙዙን ከሰውና ከራስዎ አካል ያርቁ። ካርታውን ያውጡ፣ ቀጥሎ የጎረሰውን ጥይት ያስወጡ። ወደተበላሸ ማኅደር መልሶ መክተት ፈጽሞ አይገባም።

አራተኛ፣ ከወደቀ አይቅለቡት። አብዛኞቹ ዘመናዊ ሽጉጦች ሲወድቁ እንዳይተኩሱ ተደርገው የተሠሩ ናቸው። እንደ ቶካሬቭ ያሉ የድሮዎቹ ግን ጥይት ከጎረሱ እምነት አይጣልባቸውም። ቢሆንም የሚወድቀውን መቅለብ ጣትን ምላጭ ውስጥ መክተት ነው። ይውደቅ። ከዚያ ጣትዎን ቀጥ አድርገው፣ ከምላጩ አርቀው፣ በእርጋታ ያንሱት።

አምስተኛ፣ ፖሊስ ወይም ፈታሽ ካየዎት እጅዎን ከወገብዎ ያርቁና “ፈቃድ ያለው መሣሪያ ይዣለሁ፣ ማኅደሩ ተበላሽቶብኛል” ይበሉ። አውጥተው ለማሳየት አይሞክሩ፤ የሚነግርዎትን ይፈጽሙ። በ2012 ዓ.ም የወጣው የጦር መሣሪያ አስተዳደርና ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 1177 መሣሪያ መያዝን በፈቃድ ላይ የተመሠረተ አድርጎታል። ስለዚህ የፈቃድ ወረቀቱ ከእርስዎ አይለይ። ፈቃድ ለሌለው ሰው ግን ምክሬ አንድ ነው፤ አይያዝ።

ሳይቃጠል በቅጠል

ማኅደር እንደ ጫማ ያልቃል። ጠዋት ጠዋት ክሊፑን ይነቅንቁት፣ ስፌቱንና ብሎኑን ይዩ፣ አፉ መታጠፍ አለመታጠፉን በጣትዎ ይዳስሱ። “ለሁሉም ይሆናል” ተብሎ የሚሸጠው የጨርቅ ማኅደር ምላጩን በደንብ ካልሸፈነ ይቅርብዎት። ቀበቶዎም ጠንካራ ይሁን።

እኔ የዚያኑ ዕለት ስለ ክሊፑ ለአለቃዬ ሪፖርት ጻፍኩ። “አቀባብላችሁ ያዙ” የተባልነውም እንዲቀር ጠየቅሁ። አለቃዬ ፈሪ አለኝ። ግድ የለም። እነዚያ ዘንቢል የያዙ እናት እስከ ዛሬ ጎኔን አሞኝ እንደነበረ ነው የሚያውቁት። ብቻ በሰላም ቤታቸው ገብተዋል።