የመልሕቁ ሞተር እንቢ ያለ እንደሆነ

አንድ ሰው በትንሽ ጀልባ ከወደብ ውጭ መልሕቁን ጥሎ አድሯል እንበል። በሌሊት ነፋሱ ይዞርና ጀልባውን ወደ ድንጋያማው ዳርቻ መግፋት ይጀምራል። ሰውየው መልሕቁን አውጥቶ ለመሸሽ ቁልፉን ሲጫን የኤሌክትሪኩ መዘውር ጭጭ ይላል። አንባቢ ሆይ፣ ይህ ሰው ምን ይበጀዋል?

በ19ኛው መቶ ዘመን መርከበኞች በመዘውሩ ዙሪያ ተሰልፈው፣ የተሰካበትን እንጨት እየገፉና እየዘፈኑ መልሕቅ ያወጡ ነበር። ዛሬ በብዙ ጀልባዎች ላይ ይህ ሥራ የሞተር ነው። ሆኖም የ1000 ዋት ሞተር በ12 ቮልት ባትሪ ሲሠራ ከ80 አምፔር በላይ ይስባልና፣ ባትሪው ቢደክም ወይም የሽቦው ጫፍ በጨው ውሃ ቢበላ መቆሙ አያስደንቅም። ለዚህም ሲባል ብዙዎቹ መዘውሮች የእጅ ዘንግ አላቸው።

ሸክሙ ግን ቀላል አይምሰለን። ውፍረቱ 10 ሚሊሜትር የሆነ ሰንሰለት በሜትር 2.2 ኪሎ ያህል ይመዝናል። ጥልቀቱ 15 ሜትር ቢሆን የተንጠለጠለው ሰንሰለት 33 ኪሎ፣ ከ20 ኪሎ መልሕቅ ጋር 53 ኪሎ ይሆናል። ውሃው ጥቂት ቢያቀልለውም የጭቃው ጉተታ ገና አልተቆጠረም።

ስለሆነም አንደኛ፣ ኤሌክትሪኩን ከዋናው ማጥፊያ መዝጋት ነው፤ ሞተሩ ድንገት ቢነሣ ዘንጉ ክንድ ሊሰብር ይችላልና። ሁለተኛ፣ ሰንሰለቱን በመንጠቆና በወፍራም ገመድ ከጀልባው ጋር ማሰር ይገባል። መዘውሩን ከሞተሩ የሚያያይዘው ፍሪሲዮን ሲላላ ሰንሰለቱ በራሱ ሊሮጥ ስለሚችል፣ ጣትና እግር በአጠገቡ አይገኙ። ሦስተኛ፣ ጀልባውን በክንድ መጎተት አይሞከርም፤ ጀልባው በራሱ ሞተር ቀስ ብሎ ወደ መልሕቁ ይጠጋና፣ የረገበው ሰንሰለት በዘንጉ ይሰበሰባል። መልሕቁ አልነቀል ቢል ሰንሰለቱን አሳጥሮ በማሰር የጀልባው ሞተር እንዲነቅለው ማድረግ ነው። ጊዜ ካጠረም ተንሳፋፊ ምልክት አስሮበት ሰንሰለቱን በሙሉ ለቅቆ መሸሽ ይሻላል፤ መልሕቅ ነገ ተፈልጎ ይገኛል።

ነገር ግን መዘውር ሁሉ አንድ ዓይነት አይደለም። የአንዱ ዘንግ ወደፊትና ወደኋላ ይወዘወዛል፤ የሌላው ይዞራል፤ አንዳንዱም በእጅ ማውረድ እንጂ ማውጣት አይችልም። የራስን መዘውር ጠባይ በጨለማና በማዕበል መካከል መማር አይቻልም። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል ይባላል። ዘንጉን ፈልጎ ማግኘትና አንድ ጊዜ መልሕቁን በእጅ አውጥቶ ማየት፣ ሞተሩ ደኅና ሳለ በጸጥታ ቀን የሚፈጸም ሥራ ነው።