ከዛሪማ እስከ ራስ ደጀን፦ ያልተቆጠሩት ፈንገሶች

በክረምት ከዛሪማ ተነሥቶ በሊማሊሞ ጠመዝማዛ መንገድ ወደ ደባርቅ የሚወጣ ተጓዥ ዓይኑ የሚያርፈው በገደሉ፣ በዛፉና በገብሱ ማሳ ላይ ነው። ከእነዚህ ሁሉ ጋር አብሮ የሚኖረውን ሌላ ታላቅ የሕያዋን ወገን ግን እምብዛም አያስተውለውም። ይህ ወገን ፈንገስ ይባላል።

ፈንገስ ለማኅበረሰባችን ባዕድ አይደለም። እንጉዳይ፣ የእንጀራ ሻጋታ፣ የስንዴ ዋግ፣ የገብስ አረማሞ፣ የራስ ጭርት ሁሉም ፈንገሶች ወይም የፈንገስ ሥራዎች ናቸው። ጠላችንንም የሚያፈላው እርሾ ከዚሁ ወገን ነው። በሰሜን ተራሮች ከአስታ ቅርንጫፍ ላይ እንደ ጢም ተንጠልጥሎ የምናየውም ፈንገስና አልጌ ተዳብለው የሚኖሩበት ሕይወት ነው። ፈንገስ እንደ ዕፀዋት ከብርሃን ምግቡን አያዘጋጅም፤ ኢንዛይም አመንጭቶ ምግቡን ከአካሉ ውጭ ካብላላ በኋላ ይመጠዋል።

ስንት ይሆናሉ?

ብሪታንያዊው ተመራማሪ ዴቪድ ሃውክስዎርዝ እ.ኤ.አ. በ1991 ቀላል ስሌት አቀረበ። በሚገባ በተጠና አካባቢ ለአንድ የዕፅ ዝርያ ስድስት ያህል የፈንገስ ዝርያዎች እንደሚገኙ በማየት የዓለሙን ቁጥር 1.5 ሚሊዮን ገመተ። በ2017 ግምቱ ተሻሽሎ ከ2.2 እስከ 3.8 ሚሊዮን ደርሷል። ስም የወጣላቸው ግን 150,000 ገደማ ብቻ ናቸው።

እስቲ ስሌቱን ወደ አገራችን እናምጣው። እ.ኤ.አ. ከ1980 እስከ 2009 በተካሄደው ሥራ የኢትዮጵያና የኤርትራ ዕፀዋት በስምንት ቅጾች ተመዝግበዋል፤ ቁጥራቸውም 6,000 ያህል ነው። በስድስት ብናባዛው 36,000 እናገኛለን። ይህ እኛ የፊዚክስ ሰዎች የመጠን ደረጃ የምንለው ግምት እንጂ ቆጠራ አይደለም። ሆኖም ከዛሪማ ቆላ እስከ ራስ ደጀን ጫፍ ያለው ከፍታ ሦስት ሺህ ሜትር ያህል መሆኑን፣ የአየሩም ሙቀት በየሺህ ሜትሩ 6.5 ዲግሪ ገደማ እንደሚቀንስ ስናስብ፣ በመንገዳችን ላይ የ20 ዲግሪ ያህል ልዩነት እናልፋለን። ለየሙቀቱና ለየዕፁ የተስማማ ፈንገስ ይኖራል ብለን መጠበቃችን ተገቢ ነው።

ለዕፀዋቱ የተሠራው ዓይነት ሙሉ መዝገብ ለፈንገሶቻችን ገና አልተሠራም። ካስቴላኒና ቺፈሪ የተባሉ ጣሊያናውያን እ.ኤ.አ. በ1937 ካሳተሙት ዝርዝርና በ1967 በደብረ ዘይት ከታተመው የዕፀዋት በሽታዎች መዘርዝር ወዲህ ብዙ ጥናቶች ቢታከሉም፣ የተበታተኑ ናቸው።

መመዝገቡ ለምን ይጠቅማል?

እ.ኤ.አ. በ1977 እና 1978 በወሎ ከእህል ጋር የተቀላቀለ ሲናር ብዙ ሰዎችን ለሕመምና ለሞት ዳረገ። ምክንያቱ በሲናሩ ዛላ ላይ በፍሬው ቦታ የሚበቅለው ጥቁር ቀንድ መሰል ኧርጎት ነበር። መርዙ የደም ሥርን ስለሚያጠብ ጣትና እግር እስኪበሰብስ ያደርሳል። ገብስና ሲናር አብረው ለሚበቅሉበት ደጋ ሁሉ ይህ ትልቅ ትምህርት ነው።

ሁለተኛው ምሳሌ ዋግ ነው። ኡጋንዳ ውስጥ ተገኝቶ ዩጂ 99 የተባለው የስንዴ ግንድ ዋግ እ.ኤ.አ. በ2003 አገራችን መግባቱ ታወቀ። እርሱን የሚቋቋመው ዲጋሉ የተባለው የስንዴ ዝርያ በሰፊው ተዘራ። በ2013 ግን በባሌና በአርሲ የዲጋሉ ማሳ በግንድ ዋግ ወደመ። ምርመራው ሲጠናቀቅ አጥቂው ሌላ የዋግ ዘር ሆኖ ተገኘ። በዓይን አንድ የሚመስሉትን ለይቶ ማወቅ የገበሬውን የዓመት እንጀራ የሚወስን ጉዳይ ነው ማለት ነው።

እንዴት ይመዘገባል?

አንድ እንጉዳይ ሲገኝ በበቀለበት ቦታ ፎቶግራፍ ይነሣል፤ ቀኑ፣ ከፍታው፣ የበቀለበት ዛፍ ወይም አፈር፣ ሽታውና ቀለሙ ይጻፋል። ባርኔጣው ተቆርጦ በወረቀት ላይ በሆዱ ሲያድር የዘረ ብናኙ ቀለም ታትሞ ይገኛል። ከዚያም ናሙናው በለዘብታ ሙቀት ደርቆ፣ መለያ ተጽፎለት በቋሚ ስብስብ ውስጥ ይቀመጣል። በመጨረሻም አይቲኤስ የተባለው የዲኤንኤ ክፍል ይነበባል፤ ይህ ክፍል እ.ኤ.አ. በ2012 የፈንገሶች መለያ እንዲሆን ተመርጧል። ናሙናው ከሌለ የዲኤንኤው ንባብ ብቻውን ባለቤቱ እንደ ጠፋ መታወቂያ ነው።

ውድ ተማሪዎች፣ ከዚህ ሥራ የመጀመሪያዎቹ እርከኖች ከእርሳስ፣ ከወረቀትና ከትዕግሥት በቀር ብዙ አይጠይቁም። አንድ ነገር ግን አደራ እንላለን፦ ያላወቃችሁትን እንጉዳይ አትቅመሱ፤ የአንዳንዶቹን መርዝ መቀቀል አያጠፋውም። በሚመጣው ክረምት በየትምህርት ቤታችሁ ግቢና በየደብሩ ዛፍ ሥር የሚበቅለውን መመዝገብ ብትጀምሩ፣ የአገሪቱ መዝገብ የመጀመሪያ ገጾች ከእናንተ ደብተር ሊወጡ ይችላሉ።