ከአንድ ድንጋይ ላይ የሚነሣ ፎቶግራፍ

ከእንፍራንዝ አጠገብ ባለው ኮረብታ ላይ ዐፄ ሠርጸ ድንግል በ16ኛው መቶ ዓመት ያሠሩት የጉዛራ ግንብ ይገኛል። ከዚያ ቆሞ ወደ ምዕራብ የተመለከተ ሰው ከእግሩ ሥር እርሻውን፥ ከእርሻው ማዶ ሜዳውን፥ ከሜዳውም ማዶ የጣናን ውኃ ያያል። ወደዚያ የወጣ ሰው ሁሉ ስልኩን ከኪሱ አውጥቶ አንድ ፎቶግራፍ ሳያነሣ አይመለስም። እኛም ከብዙ ጊዜ በፊት አንሥተናል። ዛሬ ያን ሥዕል አውጥተን ስንመለከተው ውበቱ አልጎደለም፤ ነገር ግን በየትኛው ወር እንደ ተነሣ፥ ከየትኛው ድንጋይ ላይ ቆመን እንዳነሣነው፥ የውኃውም ዳር ያን ጊዜ እስከ የት ደርሶ እንደ ነበረ ልናውቅ አልቻልንም። ይህን ጽሑፍ እንድንጽፍ ያነሣሣን ይኸው ቁጭት ነው።

ቀድሞ ፎቶግራፍ ማንሣት የባለሙያ ሥራ ነበር። ዛሬ ማንሻው በብዙ ቤት ከስልክ ጋር ገብቷል፤ የሚነሣውም አብዛኛውን ጊዜ ሠርግና ክርስትና ነው። ይህ የሚነቀፍ አይደለም። ነገር ግን ከደጃችን ሳንወጣ የሚታየው ፍጥረት ከድግሱ ያነሰ ሥዕል የሚወጣው አይምሰላችሁ። በደገኛው አገር በአጥር ሥር ያለው እሬት ሲያብብ ቀጭን፥ አፏ የጎበጠ፥ የአበባ ማር የምትቀስም ወፍ ትመጣለች። ከእነዚህ ወፎች አንዱ ዓይነት በተከዜ ወንዛችን ስም ተሰይሞ በዓለም የወፍ መጻሕፍት ተመዝግቧል። ወንዱ በጥላ ውስጥ ሲታይ ጥቁር ይመስላል፤ ፀሐይ ሲያርፍበት ግን ሐምራዊና አረንጓዴ ሆኖ ያብረቀርቃል። ስለዚህ አንሺው ፀሐይን ከጀርባው አድርጎ በማለዳ ከእሬቱ አጠገብ ተቀምጦ ይጠብቅ እንጂ ወፉን እየተከተለ አይሩጥ። እስስትም ብትገኝ ከላይ ወደ ታች ሳይሆን እስከ ዓይኗ ድረስ ዝቅ ብሎ ማንሣት ይሻላል። በወጥ ቤት የዋለ ስልክ መስተዋቱ ቅባት ስለሚይዝ አስቀድሞ በንጹሕ ጨርቅ ይወልወል፤ በጣት እየሳቡ ሥዕሉን ማጉላት ግን ያደበዝዘዋልና ቀስ ብሎ መቅረብ ይመረጣል።

መቅረብ ስንል ግን ልክ አለው። ጥፋታችንን ሳንሸሽግ እንናገር። በምንኖርበት ግቢ በጌሾው ውስጥ አንዲት ዋኔ ጎጆ ሠርታ በሁለት እንቁላሎች ላይ ተኝታ ነበር። ቅጠሉ ሥዕሉን ስለ ከለለብን ሁለት ቅርንጫፍ ገለጥ አድርገን በገመድ አሰርን፤ እርሷም በረረች፤ እኛም እንቁላሎቹን አንሥተን ደስ ብሎን ገባን። በማግሥቱ ጎጆው ባዶ ነበር። እኛ ለዓይናችን የከፈትነውን መስኮት ቁራ ተጠቅሞበታል። ሥዕሉ እስከ ዛሬ በስልካችን አለ፤ ልጆች ሊያዩት ሲጠይቁን እንዴት እንዳነሣነው ጨምረን እንነግራቸዋለን።

አሁን ወደ ድንጋዩ ነገር እንመለስ። በ1860 ዓ.ም. የእንግሊዝ ጦር በጄኔራል ናፒየር አዛዥነት ወደ መቅደላ ሲዘምት ከጦሩ ጋር የመጡ መሐንዲሶች በመንገዳቸው ያገኙትን ተራራና ሸለቆ በፎቶግራፍ ያነሡ ነበር። ስለ ዛፍና ስለ አፈር አስበው አልነበረም። ከ140 ዓመት በኋላ ግን የቤልጂጉ የመልክዐ ምድር ሊቅ ጃን ኒሰንና የሥራ ባልደረቦቻቸው በሰሜን ኢትዮጵያ እነዚያ ሥዕሎች የተነሡባቸውን ቦታዎች ፈልገው ዳግመኛ አነሡና አሮጌውን ከአዲሱ አስተያዩ፤ ውጤቱንም እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ2009 አሳተሙ። ብዙ ሰው የሚገምተው አገሩ ከቀድሞው ይልቅ እንደ ተራቆተ ነው። ሥዕሎቹ የመሰከሩት ግን በብዙ ቦታ ዛፉና ቁጥቋጦው ከያኔው በዝቶ መገኘቱን ነው፤ ለዚህም በየመንደሩ የተተከለው ባሕር ዛፍና አፈርን ለማዳን የተደከመው ድካም ድርሻ ነበራቸው። ያለ አሮጌዎቹ ሥዕሎች ይህን ማን ያምን ነበር?

የጣናም ነገር እንዲሁ ነው። እምቦጭ የተባለው መጤ አረም በሐይቁ መኖሩ የታወቀው እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ2011 ሲሆን፥ ከዚያ ወዲህ በሰሜንና በምሥራቅ ዳርቻ ውኃውን፥ ዓሣ አጥማጁንና የከብቱን ግጦሽ አስጨንቋል። አበባው ሐምራዊና ለዓይን እጅግ ያማረ ስለ ሆነ፥ ሳያውቅ ያየው ሰው እንደ ጌጥ ሊያነሣው ይችላል። በዳርቻው ያለ አንድ ቤተ ሰብ ከዚያ በፊት ጀምሮ በየዓመቱ ከአንድ ቦታ አንሥቶ ቢያስቀምጥ ኖሮ፥ አረሙ መቼ ገባ፥ እስከ የት ሄደ፥ መቼስ ሸሸ የሚለው ክርክር ግማሹ ይቀር ነበር።

ስለዚህ እያንዳንዱ ቤት አንድ ድንጋይ፥ ወይም አንድ የበር መቃን ይምረጥና በዓመት አራት ጊዜ ከዚያው ቆሞ ወደዚያው ያንሣ። ቀኑ እንዳይረሳ በዓልን ምልክት ማድረግ ይጠቅማል፤ መስቀል፥ ልደት፥ የሚያዝያው ጊዮርጊስ፥ የሐምሌው ጴጥሮስ ወጳውሎስ ይበቃሉ። ፋሲካ ቀኑ ስለሚዘዋወር ለዚህ ሥራ አይመችም። ጣና ለእንፍራንዝ በምዕራብ በኩል ስለ ሆነ ወደ ውኃው የሚነሣው ሥዕል በጠዋት ይሁን፤ በሐምሌ ጉም ቢሸፍነው ጉሙ ራሱ ይነሣ። ስልክ ይጠፋል፥ ይሰበራልና በዓመት አንዷን እንኳ በወረቀት አሳትሞ ከጀርባዋ ቀኑንና ቦታውን በእስክሪብቶ መጻፍ ይገባል።

ሰላምና መንገድ ሲገኝ ራቅ ብሎ መሄድም መልካም ነው። በስሜን ተራሮች ጭላዳ ሣር እየነጨ ቁጭ ብሎ ስለሚውል ለአንሺው ይታገሣል። ለእኛ ግን ቅርቡ ይበልጥብናል። መኸር ከተሰበሰበ በኋላ በጣና ዙሪያ ባለው ሜዳ ከአውሮፓ ክረምቱን ሸሽተው የሚመጡ ባለ ረጅም እግር ወፎች በቃርሚያው ላይ ይሰማራሉ። የአገሩ ተወላጅ የሆነው ዘመዳቸውም፥ በራሱ ላይ ወርቅማ ዘውድ የመሰለ ላባ ያለው፥ በረግረጉ ዳር ይታያል፤ ይህ በዓለም ቍጥሩ እየተመናመነ የሄደ ወፍ ነው። አንገታቸውን ቀና ካደረጉ ቁሙ፤ ወደ ኋላ መራመድ ከጀመሩ ተመለሱ። በየደብሩ ዙሪያ ባለው ጥንታዊ ዛፍ ሥር ለማንሣት የፈለገም አስቀድሞ የደብሩን አስተዳዳሪ ያስፈቅድ።

እኛ ድንጋያችንን መርጠናል፤ ካለፈው መስቀል ወዲህም ማንሣት ጀምረናል። በጌሾው ውስጥ ዋኔ አልተመለሰችም፤ በጎረቤታችን ወይራ ላይ ግን አንዲት ጎጆ ሠርታለች። የምናነሣት ከመስኮታችን ሆነን ነው፤ ሥዕሉ ደብዛዛ ነው፥ ቅጠሉም ግማሽ አካሏን ይሸፍናታል።