ሚሞሪው ውስጥ ያለው አማና፦ የቁርኣን ማጫወቻዎ እምቢ ሲል ምን ያደርጋሉ?



ከነቀምቴ ወደ ጊምቢ በሚወስደው መንገድ ላይ በምትገኘው ዲጋ አስተምር በነበረ ጊዜ፣ አንዲት እናት ትንሽ ኤም ፒ ስሪ ማጫወቻ በፌስታል ጠቅልለው ይዘውልኝ መጡ። «ልጄ፣ ጥገና ቤት ወስጄው ነበር። ሚሞሪው ተበላሽቷል፣ ፎርማት አድርገን ሌላ ቂርኣት እንሞላልዎታለን አሉኝ። እኔ የምፈልገው ግን የባለቤቴን ድምፅ ነው» አሉኝ። ባለቤታቸው፣ አላህ ይዘንላቸውና፣ ልጆቻቸውን ቁርኣን ሲያስቀሩ የተቀዳ ድምፅ ነበር። ሌላ ቅጂ አልነበረውም።

ሚሞሪውን አውጥቼ ስልኬ ውስጥ ስከተው ድምፁ በሙሉ አለ፤ አልሐምዱሊላህ። የተበላሸው ሚሞሪው ሳይሆን የማጫወቻው ሚሞሪ መክተቻ ነበር። ያ ሚሞሪ ፎርማት ተደርጎ ቢሆን ኖሮ ጤነኛው ጠፍቶ በሽተኛው ይቀር ነበር። ስለዚህ የመጀመሪያው ደንብ ይህ ነው፦ ከጥገና በፊት ቅጂ ይውሰዱ።

ጥፋቱ የማን እንደሆነ ይለዩ። ሚሞሪውን በስልክ ወይም በኮምፒዩተር ይሞክሩት፤ ማጫወቻውንም በሌላ ሚሞሪ ይሞክሩት። በሁለቱ ሙከራዎች ችግሩ ያለው የቱ ጋ እንደሆነ ይታወቃል። የሚሞሪው ወርቃማ ጥርሶች ቆሽሸው ከሆነ በደረቅና ንጹሕ ጨርቅ ቀስ አድርገው ይጥረጉ። ስልኩ ወይም ኮምፒዩተሩ «ፎርማት ላድርገው?» ብሎ ከጠየቀ እሺ አይበሉ። በስሕተት ፎርማት ከተደረገም ተስፋ አይቁረጡ፤ ብዙ ጊዜ የሚጠፋው ማውጫው እንጂ ድምፁ ራሱ አይደለም። ምንም አዲስ ነገር ሳይጭኑበት እንደ ፎቶሬክ ባለ ነፃ ፕሮግራም እንዲፈለግ ያድርጉ። አዲስ ነገር ከተጫነበት ግን የድሮው ይሸፈናል።

አልበራ ወይም ቻርጅ አላደርግ ካለ መጀመሪያ ገመዱን ይቀይሩ። ሁለቱም ጫፉ ታይፕ ሲ የሆነ ገመድ በብዙ ርካሽ ማጫወቻዎች ላይ አይሠራም፤ አንዱ ጫፉ ሰፊው የተለመደው ዩኤስቢ የሆነውን ይሞክሩ። ባትሪው የሚወጣ ከሆነ አውጥተው ትንሽ ቆይተው ይመልሱት። አብጦ ከሆነ ግን አይጫኑት፣ አይብሱት፣ ወደ እሳትም አይጣሉት፤ በዚያው ዓይነት ይተኩት። መብራት ሄዶ ሲመጣ የኃይል መዋዠቅ ስለሚኖር ቻርጀሩን ከሶኬት መንቀል ይልመዱ።

ሚሞሪውን አላነብ ካለ መጠኑን ይመልከቱ። ብዙ ትንንሽ ማጫወቻዎች የሚያነቡት እስከ 32 ጊጋባይት ያለውንና ፋት 32 በሚባለው አሠራር የተዘጋጀውን ነው። 64 ጊጋባይትና ከዚያ በላይ የሆነው ከፋብሪካ ሲወጣ በሌላ አሠራር ስለሚመጣ ላይታወቅ ይችላል። ላዩ ላይ የተጻፈው መጠን ውሸት የሆነ ሚሞሪም ገበያ ላይ አለ፤ ትክክለኛው ልኩ ሲሞላ ፋይሎቹ መበላሸት ይጀምራሉ። አዲስ ሲገዙ እስኪሞላ ጭነው የመጨረሻዎቹን ፋይሎች ያዳምጡ።

ስልክ ላይ የሚሠራው ደርስ ማጫወቻው ላይ እምቢ ካለ ብዙ ጊዜ ምክንያቱ የፋይሉ ዓይነት ነው። በዋትስአፕና በቴሌግራም የሚላኩ የድምፅ መልእክቶች፣ በስልክ የሚቀዱትም አብዛኞቹ፣ ኤም ፒ ስሪ አይደሉም። ስሙን ብቻ መቀየር አይበቃም፤ በመቀየሪያ ፕሮግራም ወደ ኤም ፒ ስሪ መለወጥ አለባቸው።

ሱራዎቹ ከተዘበራረቁ ማጫወቻው አልተበላሸም። ብዙዎቹ ማጫወቻዎች የሚያጫውቱት በስም ተራ ሳይሆን ፋይሎቹ በተጫኑበት ቅደም ተከተል ነው። ቅጂ ከወሰዱ በኋላ ሚሞሪውን ባዶ ያድርጉት፤ 114ቱን ሱራዎች ከ001 እስከ 114 ቁጥር ሰጥተው ከአል-ፋቲሓ ጀምረው በተራ ይጫኑ።

ድምፁ ከተንሻከከ መጀመሪያ ባትሪውን ይሙሉ፤ ሲያልቅ ድምፅ ይቆራርጣል። የጆሮ ማዳመጫው በአንድ ወገን ብቻ ከሰማ በሌላ ማዳመጫ ይሞክሩት። ትንሽ ስፒከርን ሁልጊዜ እስከ መጨረሻው ከፍ አድርጎ መክፈትም ቶሎ ይቀደዋል።

ማጫወቻ ቢበላሽ ሌላ ይገዛል። የአባት ድምፅ፣ የሟች ሸኽ ደርስ ግን ገበያ ላይ አይገኝም። ዛሬውኑ አንድ ቅጂ ስልክዎ ላይ፣ ሌላ ቅጂ ዘመድ ቤት ባለ ኮምፒዩተር ወይም ፍላሽ ላይ ያስቀምጡ። ሚሞሪ የምትሞሉ ወንድሞችም፣ ፎርማት ከማድረጋችሁ በፊት «ውስጡ የሚፈልጉት ነገር አለ?» ብላችሁ ጠይቁ። በእጃችሁ የገባው የሰው አማና ነው።