ምዕራፍ አምስት፦ በጋቢው ውስጥ ያለው አየር

አክስቴ በቅርቡ የወለደች ልጇን ልታርስ ከአዲስ አበባ ዋሽንግተን አጠገብ ወዳለችው ሲልቨር ስፕሪንግ ስትነሳ ሦስት ጋቢ፣ አንድ ቡልኮና የሕፃን ብርድ ልብሶች አልጋው ላይ ተቆልለው ከሻንጣው በልጠው ነበር። ልጇ ቀደም ብላ በሰው እጅ ቫኪዩም ከረጢቶች ልካላታለች። ከጎረቤት የምንጣፍ መጥረጊያ ማሽን ተዋስን፤ ጋቢዎቹን ከረጢቱ ውስጥ ከትተን የማሽኑን ቱቦ ቫልቩ ላይ ደቀንን። ያ ሁሉ ክምር በደቂቃ ውስጥ እየተጨማደደ ወርዶ እንደ ቂጣ ሳሳ፤ እንደ ድንጋይም ደረቀ። ቤቱ በሳቅ ሞላ። "ግማሽ ሻንጣ ተረፈን" ተባለ፤ በተረፈውም ግማሽ ሽሮ፣ በርበሬ፣ በሶና የገንፎ ዱቄት ገባ።

ቦሌ ላይ ሚዛኑ 31 ኪሎ አለ።

"እማማ፣ ስምንት ኪሎ ይቀንሱ" አለቻት ተረኛዋ።

"ምኑን ልቀንስ የኔ ልጅ? ሻንጣው እኮ ሳይጨናነቅ ነው የተዘጋው!"

አክስቴ አልዋሸችም። ሻንጣው በእርግጥም ሳይጨናነቅ ነበር የተዘጋው። ችግሩ ሻንጣ ሁለት ልክ ያለው መሆኑ ነው፤ አንዱ የቦታ፣ ሌላው የክብደት። በሩቅ በረራዎች ላይ ለኢኮኖሚ ተሳፋሪ የተለመደው ልክ ለአንድ ሻንጣ 23 ኪሎ ወይም 50 ፓውንድ ነው፤ ርዝመቱ፣ ስፋቱና ውፍረቱ ሲደመርም ከ158 ሴንቲ ሜትር እንዳይበልጥ ይጠየቃል። ቫኪዩም ከረጢት የሚያግዘን ከእነዚህ ልኮች በአንዱ ላይ ብቻ ነው። ከጋቢዎቹ ያወጣነው አየር 40 ሊትር ነበር ብንል እንኳ በአዲስ አበባ ከፍታ የዚያ ሁሉ አየር ክብደት የአንድ እንቁላል ያህል አይሞላም። እሱም ቢሆን በዙሪያው ባለው አየር ስለሚደገፍ ሚዛኑ ከነጭራሹ አያየውም። ጋቢው ተጨምቆም ሳይጨመቅም ያው ጋቢ ነው።

ሒሳቡን አንድ ጊዜ ብንሠራው ለሁልጊዜ ይጠቅማል። በ158 ሴንቲ ሜትር ልክ የተሠራ ትልቅ ሻንጣ ጎማውና ግድግዳው ሲቀነስ ወደ 100 ሊትር ገደማ ይይዛል። ባዶው ሻንጣ ራሱ አራት ኪሎ ያህል ስለሚመዝን ለዕቃ የሚተርፈን 19 ኪሎ ነው። 19 ኪሎን ለ100 ሊትር ስናካፍል ለእያንዳንዱ ሊትር 190 ግራም ይደርሰዋል። ከዚህ የከበደ ዕቃ የምንጭን ከሆነ ቦታው ሳይሞላ ኪሎው ያልቃል፤ ከዚህ የቀለለ ከሆነ ደግሞ ኪሎው ሳይሞላ ቦታው ያልቃል። ከረጢቱ የተፈጠረው ለሁለተኛው ዓይነት ጭነት ነው።

ዕቃችን ከየትኛው ወገን እንደሆነ ለማወቅ በየቤታችን ያለው ባለ 20 ሊትር ባልዲ ይበቃል። ልብሱን አጥፎ እስከ አፉ መሙላት፣ ከዚያ ባልዲውን ይዞ ሰው መመዘኛ ላይ መቆም፣ የራስንና የባዶ ባልዲውን ክብደት መቀነስ። ልብሱ ከአራት ኪሎ በላይ ከመጣ ቫኪዩም ከረጢት አያስፈልገውም፤ እንዲያውም ጠላቱ ነው፤ ያልነበረ ቦታ ፈጥሮ ተጨማሪ ኪሎ ያስጭነዋል። ሁለት ኪሎ አካባቢ ከመጣ ግን ከረጢቱ ዋጋውን ያወጣል። በጥብቅ የታጠፈ ጂንስ፣ ቲሸርትና አንሶላ ወደ መጀመሪያው ወገን ያጋድላሉ። ሹራብ፣ የላባ ጃኬት፣ ትራስ፣ ብርድ ልብስና ጋቢ የሁለተኛው ናቸው።

ጋቢን ለብቻው ላንሳው፤ ይገባዋል። ነጠላ ሁለት ንብርብር ነው፤ ጋቢ ግን አራት ነው። ማጉ በእጅ የተፈተለ፣ ላላ ያለና ለስላሳ ስለሆነ በፈትሉ ውስጥ፣ በፈትልና በፈትል መካከል፣ በንብርብርና በንብርብር መካከል አየር ይተኛል። ብርድ የሚከለክለን ጥጡ ብቻ አይደለም፤ ጥጡ አስሮ የያዘው፣ እንዳይነቃነቅ ያደረገው አየር ነው። የሽሮ ሜዳ ሸማኔ ጋቢ ሲሠራ ሳያስበውም ቢሆን አየር እየሸመነ ነው ማለት ይቻላል። ከረጢቱ የሚነጥቀውም ይኸንኑ ነው። ስለዚህ አንድ ልብስ በሚያሞቀን መጠን ይጨመቃል ብለን በጥቅሉ መናገር እንችላለን፤ ቆዳ ጃኬት ግን ከዚህ ውጭ ነው፤ ቆዳ ሲጨመቅ የሚያተርፈው መሰንጠቅና የማይለቅ እጥፋት ብቻ ነው።

አሁን ወደ ከረጢቱ አሠራር እንግባ። ብዙዎቻችን ማሽኑ ልብሱን "መጠጠው" እንላለን። ማሽኑ ግን ጋቢውን አልነካውም። ያደረገው ከውስጥ ጥቂት አየር ማስወጣት ነው፤ ጋቢውን የደፈጠጠው ከውጭ ያለው አየር ነው። በባሕር ወለል ላይ አየር በእያንዳንዱ ካሬ ሴንቲ ሜትር ላይ አንድ ኪሎ ያህል ይጫናል። ከውስጥም በዚያው ልክ ስለሚገፋ አይታወቀንም። የጀርመኗ የማግደቡርግ ከተማ ከንቲባ የነበረው ኦቶ ፎን ጌሪከ እ.ኤ.አ. በ1650ዎቹ ይህንን ለሕዝብ አሳይቷል። ሁለት የመዳብ ንፍቅ ክበቦችን ገጥሞ በውስጣቸው ያለውን አየር በራሱ ፓምፕ አወጣ፤ በግራና በቀኝ ስምንት ስምንት ፈረስ አስሮ ቢያስጎትት ሊለያዩ አልቻሉም። አየር ሲያስገባባቸው ግን ያለ ምንም ትግል ተላቀቁ። የአክስቴ ጋቢም በዚያ ዓይነት መዳፍ ውስጥ ነበር።

የቤት መጥረጊያ ማሽን የጌሪከን ያህል አይመጥም። በባሕር ወለል ከአየሩ ግፊት ከአንድ አምስተኛ ብዙም የዘለለ አይቀንስም። ቢሆንም ቁጥሩ ቀላል አይደለም፤ ስልሳ በአርባ ሴንቲ ሜትር በሆነ ከረጢት ላይ ይህች አንድ አምስተኛ ወደ አምስት ኩንታል ትጠጋለች። አዲስ አበባ ላይ ከባሕር ወለል ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍ ስለምንል የአየሩ ግፊት በባሕር ወለል ካለው ወደ ሦስት አራተኛ ገደማ ይወርዳል፤ ስለዚህ ጫናውም አራት ኩንታል አይሞላም።

ከዚህ የሚከተለውን ነገር ከረጢቱን የሚሸጡት ሰዎች ሲናገሩ ሰምቼ አላውቅም። ዋሽንግተን ላይ፣ ማለትም ባሕር ወለል አጠገብ፣ በማሽን ተመጦ እንደ ድንጋይ የደረቀ ከረጢት አዲስ አበባ ሲደርስ ለስልሶ፣ አንዳንዴም አብጦ ይገኛል። ባለቤቱ "ቫልቩ አፈሰሰ፣ ርካሽ ዕቃ ገዛሁ" ብሎ ይማረራል። ቫልቩ ምንም አላጠፋም። ከረጢቱ ውስጥ የቀረው አየር ዋሽንግተን ላይ ከውጪው አየር በአንድ አምስተኛ አንሶ ነበር፤ አዲስ አበባ ላይ ግን የውጪው አየር ራሱ ከዚያ በታች ስለወረደ የሚጫነው አጣ። በእጅ ተጨምቆ በተዘጋ ከረጢት ውስጥ ሦስት ሊትር አየር ቀርቶ ከነበረ እዚህ ሲደርስ አራት ሊትር ያህል ይሆናል። ተጨናንቆ የተዘጋ ሻንጣ ዚፕ የሚፈነዳው አንዳንዴ በዚህ ምክንያት ነው። ከእኛ ወደዚያ ሲሄድ ነገሩ ይገለበጣል፤ የአክስቴ ጋቢዎች ሲልቨር ስፕሪንግ ሲደርሱ ከቦሌ ይበልጥ ደድረው ነበር። ማረጋገጥ ለፈለገ፣ ባዶ የውሃ ፕላስቲክ አዲስ አበባ ላይ ክዳኑን አጥብቆ ይዝጋና ወደ ቆላ ይውሰደው፤ ጎኑ ገብቶ ያገኘዋል።

"አውሮፕላኑ ውስጥስ?" የሚል ይኖራል። ሻንጣ የሚጫንበት ክፍል እንደ መንገደኛው ክፍል ሁሉ አየር ተሞልቶበት ነው የሚበረው፤ የሚፈቀደው ትልቁ የውስጥ ከፍታም 2,400 ሜትር አካባቢ ነው። ከአዲስ አበባ ብዙም አይለይም ማለት ነው። የኢትዮጵያ አየር መንገድ እ.ኤ.አ. በ2012 ከአፍሪካ ቀድሞ የተረከበው ቦይንግ 787 ደግሞ የውስጡን ከፍታ ከ1,830 ሜትር ገደማ አያሳልፍም። ስለዚህ ከቦሌ በድሪምላይነር የተነሳ መንገደኛ ሰማይ ላይ እያለ፣ ለሳንባውና ለከረጢቱ፣ ወደ ወይና ደጋ ዝቅ ብሏል።

ዓይነቶቹን በአጭሩ ላልፍ። አንደኛው ቫልቭ ያለውና በማሽን ወይም በእጅ ፓምፕ የሚመጠጠው ነው። ፕላስቲኩ ድርብርብ ነው፤ ናይለኑ አየር ይከለክላል፣ ፖሊኢትሊኑ ጠርዙን በሙቀት ያጣብቃል፤ ተራ ፌስታል ይህንን ሥራ የማይሠራው ለዚህ ነው። ሁለተኛው ተንበርክከው የሚጠቀልሉት ነው፤ ታችኛው ጫፍ አየር የሚያስወጣና የማያስገባ መተላለፊያ አለው፣ ማሽን አይፈልግም። ሦስተኛው ከጨርቅ የተሠራ ባለ ሁለት ዚፕ ቦርሳ ነው፤ የመጀመሪያው ዚፕ ይዘጋል፣ ሁለተኛው ያጠብቃል። ይህኛው ከሁሉም ያነሰ ይጨምቃል፣ ግን አየር ስለማያግት ከከፍታ ጋር አያብጥም፣ ሲከፈትም ማሽን አይጠይቅም። ለዕለት ልብስ እኔ የምመርጠው ይህንኑ ነው። በባትሪ የሚሠራ ትንሽ ፓምፕ የገዛ ሰው ፓምፑን በእጅ ሻንጣው ይያዝ፤ ሊቲየም ባትሪ ካርጎ ውስጥ ገብቶ ቢቀጣጠል የሚያየው ሰው የለም።

እርጥበት ከሁሉም የከፋ ጠላት ነው። ያልደረቀ ልብስ ከረጢት ውስጥ ቢሻግት አይገርምም፤ ብዙ ሰው የማያውቀው ግን ሽብሽባቱ ጭምር ከእርጥበት መምጣቱን ነው። የጥጥ ቃጫዎች እርስ በርስ የሚያያዙበትን ጥቃቅን ማሰሪያ ውሃ ይፈታዋል፤ ሲደርቅ ልብሱ ባለበት ቅርጽ እንደገና ይታሰራል። ካውያ ከእንፋሎት ጋር የሚሠራው በዚሁ ዘዴ ነው። እርጥበት ያለውን ቀሚስ በአራት ኩንታል መጫን፣ እጥፋቱን አብሮ መተኮስ ማለት ነው። ስለዚህ ልብሱ ፀሐይ ላይ በደንብ ይድረቅ፤ ከደረሱ በኋላ ደግሞ ሙቅ ሻወር በተከፈተበት መታጠቢያ ቤት ተሰቅሎ ይደር። ባለ ጥበብ የሀበሻ ቀሚስን ግን፣ በተለይ በወርቅማ ክር የተሠራውን፣ ከረጢት ውስጥ አላስገባም። ክሩ አንዴ ከተሰበረ እንፋሎት አይመልሰውም። የላባ ጃኬትም ለጉዞው ብቻ ይጨመቅ፤ ወራት ቁም ሳጥን ውስጥ ተጨምቆ ከቆየ ላባው ቀድሞ እንደነበረው ላይነሳ ይችላል።

ስለ ፍተሻም ላንሳ። አሜሪካ ውስጥ ፈታሾች ባለቤቱ በሌለበት ሻንጣ ሊከፍቱ ይችላሉ፤ መክፈታቸውን የሚገልጽ ወረቀትም ትተው ይሄዳሉ። የምንጣፍ መጥረጊያ ግን ይዘው አይዞሩም። ከረጢቱን ከከፈቱት ጋቢው ይነሳል፣ ሻንጣውም እምቢ ይላል። ከቤት ሳይወጡ ከረጢቱን ከፍቶ፣ ጋቢው እንዲነፋ ትቶ፣ ሻንጣው በጉልበትም ቢሆን ይዘጋ እንደሆነ መሞከር ጥሩ ነው። ካልተዘጋ ዕቃ በዝቷል። ሽሮና በርበሬን ወደ እጅ ሻንጣ ማዛወርም ብዙ አያዋጣም፤ ወደ አሜሪካ በሚደረግ በረራ ከ350 ሚሊ ሊትር በላይ የሆነ ዱቄት በእጅ ሻንጣ ውስጥ ተጨማሪ ፍተሻ ይጠራል፣ ሊከለከልም ይችላል። ይልቅ ከረጢቱ ሌላ ጥቅም አለው፤ አብሮት የተጫነው የበርበሬ ላስቲክ ቢፈነዳ ጋቢው ነጭ እንደሆነ ይደርሳል።

አክስቴ ያን ቀን ቦሌ ወለል ላይ ሻንጣዋን ከፍታ ከሽሮው ሦስት ኪሎ፣ ከበሶውና ከገንፎው ዱቄት አምስት ኪሎ ለእኔ አስረክባ ሄደች። ጋቢዎቹን አልነካቻቸውም፤ ሦስቱም ለአራሷ ደርሰዋል። ከአምስት ወር በኋላ ስትመለስ ልጇ ሻንጣውን በሰው መመዘኛ ደጋግማ መዝናው ነበር። ውስጡ ጫማ፣ ሻምፖና ቪታሚን ነበር፤ አንዱም የሚወጣለት አየር የለውም። ከረጢቶቹ ባዷቸውን ተጣጥፈው በሻንጣው የጎን ኪስ መጡ።