«ኔትወርክ የለም» ከማለታችን በፊት፦ በአሽ-ሹቀይቅ የሲም ራውተርን ችግር መርምሮ ስለ መለየት

አሽ-ሹቀይቅ ከጂዛን ከተማ በስተ ሰሜን ከ100 ኪሎ ሜትር በላይ ርቃ በቀይ ባሕር ዳር የምትገኝ፣ የባሕር ውሃን ጨው በሚያጣሩ ታላላቅ ጣቢያዎቿ የምትታወቅ ትንሽ ከተማ ናት። በእርሷም ሆነ ከእርሷ በስተ ደቡብ እስከ የመን ጠረፍ ባሉት ከተሞች የምንኖር ተማሪዎችና ሠራተኞች በምንከራያቸው ክፍሎች ውስጥ አብዛኛውን ጊዜ የምንጠቀመው በሲም ካርድ የሚሠራ የቤት ራውተር ነው። ይህ ራውተር ደኅና ሲሆን ትምህርታችንም ከቤተሰብ ጋር ያለን ግንኙነትም ደኅና ይሆናል። ሲታመም ግን ፈተናው በመካከሉ ይቆማል፤ የእናት ድምፅ በግማሽ ቃል ላይ ይቋረጣል። ይባስ ብሎም ችግሩን እናቃልላለን ስንል ከምታንሰው የወር ድጎማችን ላይ ያለ ጥቅም ገንዘብ እናወጣለን።

በሕክምና ትምህርት ቤት በመጀመሪያ ከምንማራቸው ነገሮች አንዱ ሳይመረምሩ መድኃኒት ማዘዝ ነውር መሆኑን ነው። ትኩሳት ሁሉ ወባ አይደለም። እንዲሁም የሚቋረጥ ኢንተርኔት ሁሉ የማማ ችግር አይደለም። የዚህ ጽሑፍ ዓላማ የኢንጂነሪንግ ትምህርት ያልተማረ ተማሪ ችግሩ ከየት እንደሚመነጭ በራሱ መርምሮ እንዲደርስበት መንገዱን ማሳየት ነው።

ሀ) ሦስቱን መንገዶች መለየት

ከእጅ ስልካችን ተነሥቶ አዲስ አበባ ወይም ደሴ የሚደርስ ድምፅ ሦስት መንገዶችን ያልፋል። አንደኛው ከስልኩ እስከ ራውተሩ ያለው የዋይ-ፋይ መንገድ ነው። ሁለተኛው ከራውተሩ እስከ ኩባንያው ማማ ያለው የሬዲዮ መንገድ ነው። ሦስተኛው ከማማው ተነሥቶ በየብስና በባሕር ውስጥ በተዘረጋ ገመድ ወደ ዓለም የሚወጣው ነው። እኛ ሦስቱንም በአንድ ስም «ኔት» እያልን ስለምንጠራ አንዱ ሲበላሽ ሌላውን እናክማለን። ስለዚህ የመጀመሪያው ሥራ በሽታው የትኛው መንገድ ላይ እንዳለ መለየት ነው።

ቀላሉ ፈተና ይህ ነው። ኮምፒዩተሩን በገመድ ከራውተሩ ጋር አገናኙ። በገመድ ሲሆን ደኅና፣ በዋይ-ፋይ ሲሆን ግን የሚቋረጥ ከሆነ ጥፋቱ ከቤት ውስጥ ነው። ገመድ ከሌለ ስልኩን ይዞ ራውተሩ አጠገብ መቆም ይበቃል። የዋይ-ፋዩ 2.4 ጊጋኸርዝ ሞገድ ራቅ ብሎ ይሄዳል፤ ነገር ግን ጎረቤት ሁሉ ስለሚጋራው ይጨናነቃል። 5 ጊጋኸርዙ ፈጣን ነው፤ ነገር ግን የብሎኬት ግድግዳ ይከብደዋል። እንግዲህ አንድ ክፍል ውስጥ ለሚያጠና ሰው 5 ጊጋኸርዙ፣ ሁለት ግድግዳ አልፎ ለተኛው ደግሞ 2.4ቱ ይሻላል ማለት ነው።

ከዚህ ጠለቅ ብሎ ለመመርመር በኮምፒዩተሩ ላይ «ፒንግ» የሚባለውን ትእዛዝ መጠቀም ይቻላል። መጀመሪያ የራውተሩን አድራሻ (ብዙ ጊዜ 192.168.1.1 ወይም 192.168.8.1 ነው፤ ከራውተሩ ሥር ተለጥፎ ይገኛል)፣ ቀጥሎ 8.8.8.8ን ጠይቁ። ራውተሩ ያለማቋረጥ ከመለሰና 8.8.8.8 ግን መልሱን እያንጠባጠበ ከሆነ ክፍላችን ነጻ ነው፤ ችግሩ ከዚያ ወዲያ ነው።

ለ) የበሽታውን ታሪክ መጠየቅ

ሐኪም መሣሪያ ከማንሣቱ በፊት «መቼ ጀመረህ?» ብሎ ይጠይቃል። እኛም እንዲሁ እናድርግ።

ኢንተርኔቱ ጎሕ ሲቀድ ደኅና ሆኖ ከምሽቱ 2 ሰዓት እስከ እኩለ ሌሊት የሚንቀራፈፍ ከሆነ ምክንያቱ መጨናነቅ ነው። አንድ ማማ ያለውን አቅም በሥሩ ላሉት ተጠቃሚዎች ሁሉ ያካፍላል። በረመዳን ወር ሕዝቡ ሌሊቱን ነቅቶ ስለሚያድር የመጨናነቁ ሰዓት እስከ ሱሁር ይዘልቃል። ችግሩ የሚነሣው ቀትር ላይ ብቻ ከሆነና ራውተሩን አጥፍተን ስናሳርፈው የሚሻለው ከሆነ ሙቀት ነው። ከወሩ በአንድ ቀን በድንገት ቀርፎ እስከ ወሩ መጨረሻ እንደዚያው የሚቆይ ከሆነ ደግሞ የተገዛው ጥቅል አልቆ ወይም ፍጥነቱ ተቀንሶ ሊሆን ይችላል። ራውተሩ በራሱ ጠፍቶ የሚበራ ከሆነ የኤሌክትሪክ መሰኪያውን መጠርጠር ይገባል። 2 አምፔር የሚፈልግ ራውተር 1 አምፔር በሚሰጥ መሰኪያ ከተተካ ሥራ ሲበዛበት ይወድቃል።

የማይሠራው አንድ የጥሪ መተግበሪያ ብቻ ከሆነ ደግሞ ኢንተርኔቱን አትክሰሱ። በሳዑዲ ዓረቢያ በኢንተርኔት የሚደረግ ጥሪ ተዘግቶ ቆይቶ እ.ኤ.አ. በመስከረም 2017 የተፈቀደው ደንቡን ለሚያሟሉ መተግበሪያዎች ነው። ሌላ መተግበሪያ ሞክሮ ማነጻጸር ያስፈልጋል።

ሐ) ምርመራው፦ ቁጥሮቹን ማንበብ

በራውተሩ ላይ የሚታዩት የምልክት ዘንጎች ብዙ አያስተማምኑም። ስለ ኃይል እንጂ ስለ ጥራት አይናገሩም። እውነተኛዎቹን ቁጥሮች ለማግኘት በኮምፒዩተር ወይም በስልክ ወደ ራውተሩ አድራሻ ገብቶ ስለ መሣሪያው ሁኔታ የሚገልጸውን ገጽ መክፈት ነው። እዚያ ሁለት ቁጥሮችን ፈልጉ።

የመጀመሪያው አር.ኤስ.አር.ፒ. ነው፤ ከማማው የሚደርሰንን የምልክት ኃይል ይለካል። ቁጥሩ ከዜሮ በታች ስለሆነ ለዜሮ የቀረበው ይበልጣል። ከ-80 በላይ እጅግ ጥሩ፣ ከ-80 እስከ -90 ጥሩ፣ ከ-90 እስከ -100 መካከለኛ ነው፤ ከ-110 በታች ከሆነ ሕመሙ ጠንቷል። እያንዳንዱ 10 ነጥብ የኃይል 10 እጥፍ ልዩነት መሆኑን አስተውሉ። ስለዚህ -85 ከ-105 የሚበልጠው 100 ጊዜ ነው።

ሁለተኛው ኤስ.አይ.ኤን.አር. ነው፤ የምንፈልገው ምልክት ከሌላው ጫጫታ ምን ያህል እንደሚበልጥ ይናገራል። ከ20 በላይ እጅግ ጥሩ፣ ከ13 በላይ ጥሩ ነው፤ ከዜሮ በታች ከሆነ ማማው እየጮኸ ጆሯችን አይሰማም እንደ ማለት ነው። ኃይሉ ትልቅ ሆኖ ይህ ቁጥር ዝቅተኛ ከሆነ በገበያ መካከል ቆሞ ወሬ ለማዳመጥ እንደ መሞከር ነው። ድምፅ ሞልቷል፤ የሚሰማ ቃል ግን የለም።

ባለፈው ክረምት በአሽ-ሹቀይቅ አምስት ወገኖቻችን በጋራ በሚኖሩበት ቤት ይህንኑ ፈትነናል። ራውተሩ የተቀመጠው በመተላለፊያው ውስጥ ማቀዝቀዣው ላይ ነበር፤ አር.ኤስ.አር.ፒ. -111፣ ኤስ.አይ.ኤን.አር. 1 ተነበበ። በባሕሩ በኩል ወዳለው መስኮት ስንወስደው -104 እና 3 ሆነ። በመንገዱ በኩል ወዳለው መስኮት ስንወስደው -93 እና 12 ሆነ። ከፊተኛው ቦታ ጋር ሲነጻጸር የሚደርሰው ኃይል ከ60 እጥፍ በላይ ጨመረ ማለት ነው። ከዚያ ምሽት ጀምሮ የጥሪው መቆራረጥ ቀረ። የወጣው ገንዘብ የ5 ሜትር የኤሌክትሪክ ማራዘሚያ ዋጋ ብቻ ነው። እነዚህ ወገኖቻችን ግን ከዚያ በፊት ጥሪው እንዳይቆራረጥ ብለው ጥቅሉን ሁለት ጊዜ አሳድገው ነበር።

እዚህ ላይ ግልጽ መሆን ያለበት ነገር አለ። የድምፅ ጥሪ ብዙ ኢንተርኔት አይበላም፤ በሴኮንድ 100 ኪሎቢት ያህል ይበቃዋል። ጥሪ የሚቆራረጠው በፍጥነት ማነስ ሳይሆን በመንገድ ላይ በሚጠፉና በሚዘገዩ ቁርጥራጮች ምክንያት ነው። ስለሆነም ትልቅ ጥቅል መግዛት ለዚህ በሽታ መድኃኒት አይደለም።

መ) የባሕሩ፣ የሙቀቱና የአቧራው ነገር

የአካባቢያችን ተጨባጭ ሁኔታ የራሱ ጣጣ አለው። በሞቃት ባሕር ላይ ርጥበት ያዘለ አየር በዝቅታ ተነጥፎ ሲቆይ፣ ከበላዩ ካለው ደረቅ አየር ጋር ባለው ልዩነት የተነሣ የሬዲዮ ሞገድን ወደ ታች ያጎብጠዋል። ሞገዱ በቦይ ውስጥ እንደሚሄድ ውሃ ከወትሮው እጅግ ርቆ ይጓዛል። በዚህ ምክንያት ሩቅ ያሉ ማማዎች ድምፅ እኛ ዘንድ ደርሶ የቅርቡን ያውካል። ቀይ ባሕርም ይህ ሁኔታ ከሚበረታባቸው ባሕሮች አንዱ ነው። ምልክቱ፣ አር.ኤስ.አር.ፒ. ሳይለወጥ ኤስ.አይ.ኤን.አር. በአንዳንድ የበጋ ሌሊቶች መውደቁ ነው። አየሩን መለወጥ አንችልም፤ ራውተሩ ከፈቀደ ግን የሞገድ መደቡን ወደ 1800 ወይም 900 ሜጋኸርዝ መቀየር ይረዳል። እነዚህ መደቦች ለመላኪያና ለመቀበያ የተለያየ ሞገድ ስለሚጠቀሙ ሁከቱ ያን ያህል አይጎዳቸውም።

ሙቀቱን በተመለከተ፣ የብዙ ራውተሮች የሥራ ሙቀት ጣሪያ 40 ዲግሪ ነው። መኪፍ ጠፍቶ በቀትር የተዘጋ ክፍል ይህን በቀላሉ ያልፋል። ስለዚህ ራውተሩ መስኮት አጠገብ ይሁን፤ ፀሐይ ግን አይምታው። ቆሞ ይቀመጥ፤ የአየር ቀዳዳዎቹም ከአቧራ ይጽዱ። የባሕሩ ጨዋማ አየር ብረትን ስለሚበላ፣ በየጥቂት ወሩ ራውተሩን አጥፍቶ የሲም ካርዱን መዳብ በደረቅ ንጹሕ ጨርቅ መጥረግ መልካም ነው።

ሠ) ሕክምናው በቅደም ተከተል

1. ቦታ መለወጥ። ከፍ ያለ፣ ወደ ማማው የሚያይ፣ ከቆርቆሮ፣ ከውሃ ታንከርና ከመኪፍ የራቀ ቦታ ምረጡ። በየቦታው 5 ደቂቃ ቆይታችሁ ቁጥሮቹን ጻፉ፤ ራውተሩንም ሩብ ዙር እያዞራችሁ ፈትኑ።

2. 5ጂን ማጥፋት። 5ጂ ብዙ ጊዜ የሚሠራበት 3.5 ጊጋኸርዝ ሞገድ ግድግዳ ሲያልፍ በጣም ይደክማል። ራውተሩ በ5ጂና በ4ጂ መካከል እየዋለለ የሚቆራረጥ ከሆነ በ4ጂ ብቻ እንዲሠራ እዘዙት። ቀርፋፋ ግን የማይቋረጥ፣ ፈጣን ሆኖ ከሚቋረጠው ለፈተና ይሻላል።

3. ሌላ ኩባንያ መፈተን። ኤስ.ቲ.ሲ፣ ሞባይሊና ዘይን የየራሳቸው ኔትወርክ አላቸው። አዲስ ውል ከመፈረማችሁ በፊት የጓደኛችሁን ስልክ ተውሳችሁ በዚያው ክፍል፣ በዚያው የምሽት ሰዓት ለኩ። በጠረፍ አቅራቢያ ያላችሁ ደግሞ ስልካችሁ የጎረቤት አገር ኔትወርክ እንዳይዝ ኔትወርኩን በእጅ ምረጡ።

4. የውጭ አንቴና። ራውተሩ የአንቴና ቀዳዳ ካለው ብቻ፣ የቀደሙት ሦስቱም ካልረዱ የሚሞከር ነው። ገመዱ አጭር ይሁን። 10 ሜትር የሆነ ቀጭን ገመድ በእነዚህ ሞገዶች ከምልክቱ ዘጠኝ አሥረኛውን ሊውጥ ይችላል።

5. ፈጽሞ የማይሞከር። በገበያ የሚሸጡት ሲግናል ማጉያዎች ያለ ፈቃድ መጠቀም የተከለከለ ነው፤ የሰፈሩንም ኔትወርክ ያውካሉ። በነጻ ትምህርት ዕድል በሰው አገር ያለ ተማሪ በዚህ ምክንያት ከሕግ ጋር መጋጨት አይገባውም።

ረ) ከእኛ እጅ ውጭ የሆነው

ሁለቱ መንገዶች ደኅና ሆነው ወደ አገር ቤት የሚደረገው ጥሪ ብቻ ሲበላሽ ሦስተኛውን መንገድ እንመልከት። እ.ኤ.አ. በየካቲት 2024 በቀይ ባሕር ውስጥ ያለፉ የኢንተርኔት ገመዶች ተበጥሰዋል፤ በመስከረም 2025 ደግሞ በጅዳ አቅራቢያ ያሉ ገመዶች ተጎድተዋል። ጥፋቱ በወዲያኛው ጫፍም ሊሆን ይችላል። እ.ኤ.አ. ከነሐሴ 2023 ጀምሮ በአማራ ክልል የሞባይል ኢንተርኔት ለብዙ ወራት ተዘግቶ በነበረበት ጊዜ በዚህ በኩል ራውተር መቀየር ምንም አልጠቀመም። እንዲህ ባለ ጊዜ መደበኛ የስልክ ጥሪ ሞክሩ። ቤተሰብም ዝም ስላለ ብቻ ክፉ ነገር ደርሷል ብሎ መደንገጥ አይገባም።

ሰ) ማጠቃለያ

ባጭሩ፣ ጠይቁ፣ ለኩ፣ ከዚያ አክሙ። ፈተና ያለበት ተማሪ ደግሞ ከሌላ ኩባንያ የሆነ ሲም በስልኩ ይዞ፣ ባትሪውን ሞልቶ ይጠብቅ። ንባቡንና የተቀዳውን ትምህርት መንገዱ ባልተጨናነቀበት ንጋት ላይ ያውርድ።

መጨናነቅ ግን አንድ ሰው በክፍሉ ውስጥ የሚፈታው ጉዳይ አይደለም። አንድ ተማሪ ኩባንያው ዘንድ ሄዶ «ኔቱ መጥፎ ነው» ቢል «ራውተሩን አጥፍተህ አብራው» ተብሎ ይመለሳል። አምስት ቤቶች ግን ለአንድ ሳምንት በየምሽቱ ቀኑን፣ ሰዓቱንና ሁለቱን ቁጥሮች መዝግበው በአንድነት ቢያቀርቡ አቤቱታው ማስረጃ ያለው ይሆናል። ኩባንያው ካልመለሰ ጉዳዩ የሚቀርበው ለአገሪቱ የመገናኛ፣ የኅዋና የቴክኖሎጂ ኮሚሽን ነው። ስለዚህ በአንድ ሰፈር የምንኖር ሁሉ አንድ የጋራ ደብተር ከፍተን ከዛሬ ምሽት ጀምሮ መመዝገብ እንጀምር።