የመጀመሪያው የወር አበባ ከመምጣቱ በፊት

ከአርባ ምንጭ ከተማ በስተሰሜን፣ በአባያ ሐይቅ አቅራቢያ የምትገኘው ጫኖ በሙዝና በማንጎ ምርቷ ትታወቃለች። በዚያም ሆነ በሌላው የሀገራችን ክፍል የሰባተኛና የስምንተኛ ክፍል ሴት ተማሪዎች አንድ የጋራ ፈተና አለባቸው፤ ትምህርቱ የሚጠነክርበትና ክልላዊ ፈተና የሚጠብቃቸው ጊዜ ሰውነታቸው በፍጥነት ከሚለወጥበት ጊዜ ጋር ይገጥማል።

የወር አበባ በአብዛኛው ከ10 እስከ 15 ዓመት ባለው ዕድሜ ይጀምራል። ቀድሞ ያልተነገራት ልጅ ደሙን ስታይ የታመመች ይመስላታል። ቀሚሷ ክፍል ውስጥ ከተበላሸና ከተሳቀባት ደግሞ በቀጣዩ ወር ከቤት መቅረትን ትመርጣለች። በየወሩ ሦስት ቀን የምትቀር ተማሪ በዘጠኝ ወር ውስጥ 27 የትምህርት ቀን ታጣለች። ከክፍል ጓደኞቿ ወደኋላ የምትቀረው ሰንፋ ሳይሆን ሳትዘጋጅ ስለቀረች ነው።

ስለዚህ እናት፣ አክስት ወይም ታላቅ እህት ልጅቷ አሥር ዓመት ሲሞላት ጉዳዩን ያንሱላት። «ይህ በሽታ አይደለም፤ እኔም አይቼዋለሁ» የሚል ቃል ፍርሃቷን ያቀልላታል። በደብተር ቦርሳዋ ሞዴስ ወይም ንጹሕ ጨርቅና አንድ ቅያሪ የውስጥ ሱሪ ይቀመጥ። ሞዴሱ በየአራት እስከ ስድስት ሰዓቱ መቀየር አለበት። ጨርቅ የምትጠቀም ከሆነ በሳሙና ታጥቦ ፀሐይ ላይ ይሰጣ፤ በሐፍረት ከአልጋ ሥር የተደበቀ እርጥብ ጨርቅ ለቆዳ መቆጣትና ለኢንፌክሽን ያጋልጣል። ታጥቦ የሚያገለግል ሞዴስ በሀገር ውስጥም ተመርቷል፤ በመቀሌ ፋብሪካ ያቋቋሙት ፍሬወይኒ መብራህቱ በዚሁ ሥራቸው በ2012 ዓ.ም የሲ.ኤን.ኤን የዓመቱ ጀግና ተብለዋል።

ሌላው ጉዳይ ደም ማነስ ነው። እንደ ጫኖ ባለ ቆላማ አካባቢ ወባም ደም ማነስን ስለሚያስከትል ልጅቷ በአጎበር ውስጥ ትተኛ፤ ትኩሳት ከተሰማት ሳትዘገይ ትመርመር። ሙዝ ኃይል ይሰጣል እንጂ በቂ ብረት የለውም። ምስር፣ ባቄላ፣ ጎመንና ሽፈራው፣ ከተገኘም ሥጋ ከማዕዷ አይጥፋ። ከምግቡ ጋር ማንጎ ወይም ሎሚ ሲጨመር ሰውነቷ ብረቱን ይበልጥ ይጠቀምበታል። ሻይና ቡና ግን ይህንኑ ስለሚቀንሱ ከምግብ ጋር ባይወሰዱ ይመረጣል።

ቀላል የሆድ ቁርጠት የተለመደ ነው። ሞቅ ያለ ነገር በሆድ ላይ ማድረግና ቀለል ያለ እንቅስቃሴ ያስታግሱታል። ነገር ግን ደሙ ከሰባት ቀን በላይ ከቆየ፣ ሞዴሱ በአንድና ሁለት ሰዓት ውስጥ ከራሰ፣ ሕመሙ ከትምህርት የሚያስቀራት ከሆነ ወይም 15 ዓመት ሞልቷት የወር አበባ ካላየች ወደ ጤና ጣቢያ ይውሰዷት።

አባቶችና ወንድሞችም ድርሻ አላቸው። አባት የሳሙናና የሞዴስ ወጪን ከደብተርና ከእስክርቢቶ እኩል ይቁጠረው። ወንድም በክፍል ጓደኛው ላይ እንዳይስቅ ከቤት ይማር። ትምህርት ቤቶችም በር የሚዘጋ መጸዳጃ ቤት፣ ውኃና ልጆቹ ሳያፍሩ የሚያነጋግሯት አንዲት መምህርት ቢያዘጋጁ ብዙ ቀሪዎችን ወደ ክፍል ይመልሳሉ።

ልጅዎ አሥር ዓመት ሞልቷት ከሆነ ወሬውን ለነገ አያቆዩት፤ ዛሬ ማታ ይጀምሩት።